ጠመንጃም ቦሎ ይለጠፍለት

መሣሪያ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ጎራሽ ነው?» አማርኛ ለጥይት መያዣ አቅም የሰጠው ቃል ከማዕድ የተወሰደ ነው። ሰው ይጎርሳል፤ መሣሪያም ይጎርሳል። ባለ አምስት ጎራሽ፣ ባለ አሥር ጎራሽ፣ ባለ ሠላሳ ጎራሽ እየተባለ ዋጋው ይቆረጣል፤ የባለቤቱም ክብር አብሮ ይለካል። የጎረሰውን በደኅና የሚውጥ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ጥያቄ ጫፍ ላይ የደረሰ ሽጉጥ በአሜሪካ ተሠርቷል። ፍሎሪዳ ውስጥ የሚገኘው ኬልቴክ የተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለኢላማ ተኩስና ለመዝናኛ ያወጣው ሲፒ 33፣ ስሙ እንደሚናገረው 33 ጥይት ይጎርሳል። ጥይቶቹ በጥይት መያዣው፣ በካርታው፣ ውስጥ በአራት ረድፍ ተጠጋግተው ይሰለፋሉ። ካርታው ውስጡን የሚያሳይ በመሆኑ ሰልፉ ተዛንፎ እንደሆነ ከውጭ ሆኖ ማየት ይቻላል። ማየቱም ግድ ነው። አንዷ ጥይት ከቦታዋ ካፈነገጠች የቀሩት ሁሉ ከኋላዋ ይቆማሉ። ይህን ሽጉጥ የሞከሩ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚያነሡት ነገር ካርታውን በትዕግሥት፣ አንድ በአንድ መሙላት እንደሚያስፈልግ ነው። ብዙ የሚጎርስ ብዙ ይታነቃል።

የሚታነቅበትን ምክንያት ለማወቅ ጥይቷን እጅ ላይ አስቀምጦ ማየት ይበቃል። ሃያ ሁለት ካሊበር የምትባለው ይህች ትንሽ ጥይት 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አላት። የክላሽ ጥይት ግርጌው መሐል ላይ አንዲት ክብ ካፕሱል አለችው፤ መርፌው እሷን መትቶ እሳቱን ያስነሣል። የሃያ ሁለቷ ቀለህ ግን ግርጌው ላይ ወደ ውጭ የወጣ ከንፈር አለው፤ እሳት የሚያስነሣው ቅመም ያለው በዚያ ከንፈር ውስጥ ነው፤ መርፌውም የሚመታው ጠርዙን ነው። እንግዲህ ከንፈር ያላቸው ጥይቶች ሲደራረቡ የላይኛዋ ከንፈር ከታችኛዋ ከንፈር ኋላ ከወደቀ ይጠላለፋሉ፤ ማቀባበያው ቢገፋቸውም አይላቀቁም። በዚያ ላይ ጥይቷ እርሳሷ በሰም የተቀባ ስለሆነ ጥላሸት፣ ሰምና የእርሳስ ፍርፋሪ ትታ ትሄዳለች። ሃያ ሁለት የሚተኩስ ሰው ከሌላው ይልቅ መወልወያ ጨርቁን ከአጠገቡ የማያርቀው ለዚህ ነው። ባዶውን መሣሪያ ቃታውን እየሳበ የሚጫወትበት ሰውም ቢጠነቀቅ ይሻላል፤ በብዙዎቹ የሃያ ሁለት መሣሪያዎች ላይ ጥይት በሌለበት መርፌው የሚያርፈው በራሱ በመሣሪያው ብረት ጠርዝ ላይ ነው፤ ውሎ አድሮ ጠርዙን ይጎዳዋል።

ይህች ጥይት የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው፤ የአሜሪካው የስቲቨንስ ፋብሪካ ሥራ ናት። አጋጣሚ ሆኖ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ ከታጁራ በግመል አስጭኖ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ እንጦጦ የደረሰው በዚያው ዓመት ነበር። ራምቦ ያሰበውን ትርፍ አላገኘም። ምኒልክ ዋጋውን ሰብረው፣ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ አስበው ከፈሉት። ለማሽንና ለመሣሪያ አሠራር የነበራቸው የማወቅ ጉጉት በዘመኑ በነበሩ እንግዶች የተመሰከረላቸው ንጉሥ፣ አሮጌ ብረት በአዲስ ዋጋ የሚገዙ ሰው አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ ሀገሪቱ ብዙ መሣሪያ ገዝታለች፤ ያን ዓይነት ገዢ ግን አላበዛችም።

መሣሪያ እንዴት እንደሚመረመር ማየት የሚፈልግ ሰው የኦሊምፒክን የሽጉጥ ውድድር ይመልከት። በ25 ሜትር የፈጣን ተኩስ ውድድር የሚያገለግለው ሽጉጥ ያችኑ ሃያ ሁለት ካሊበር ይተኩሳል። ተወዳዳሪው አምስት ኢላማዎችን በአምስት ጥይት ይመታል፤ በመጀመሪያው ዙር 8 ሰከንድ፣ ከዚያ 6፣ በመጨረሻ 4 ሰከንድ ብቻ ይሰጠዋል። በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አምስት ብቻ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ጎራሽ እዚያ ዋጋ የለውም። ከውድድሩ በፊት ሽጉጡ ለመርማሪዎች ይቀርባል። ርዝመቱ 30፣ ቁመቱ 15፣ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። ከዚያ ቃታው ላይ አንድ ኪሎ ግራም ክብደት ይንጠለጠልና ሽጉጡ ወደ ላይ ይነሣል። ቃታው ክብደቱን ተሸክሞ ከቆመ ያልፋል፤ ከለቀቀ ይመለሳል። በኢሉባቦሯ ያዮ ገበያ አንድ ኪሎ ቡና የሚመዘንበት ድንጋይ ያንን ፈተና ሊፈትን ይችላል ማለት ነው። ተኩሱ ከመጀመሩ በፊትና ካበቃ በኋላም አፈሙዙ ውስጥ ደማቅ ቀለም ያለው ክር ይገባል፤ ክሩ የሚታይ ከሆነ ውስጡ ጥይት የለም። ማንም ማንንም «እመነኝ፣ ባዶ ነው» አይልም።

የሽጉጥ ውድድር ዝና ያለ ምክንያት አልመጣም። የሃንጋሪውን ወታደር ካሮይ ታካችን እ.ኤ.አ. በ1938 በልምምድ ላይ ቦምብ ፈንድቶ ቀኝ እጁን አሳጣው። በግራ እጁ በድብቅ ልምምድ ጀመረ፤ በዓመቱ የሀገሩን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በ1948 በለንደን፣ በ1952 በሄልሲንኪ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። በፓሪስ 2024 ደግሞ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እንደ ሰፈር ሽማግሌ ዘና ብሎ ሲተኩስ ዓለም ተገርሞ አየው፤ ከባልደረባው ጋር ብር አገኘ። ሁለቱም ሰዎች በትንሽ ሽጉጥ የተገኘ ክብር ምን እንደሚመስል ያሳያሉ።

አሁን ወደ ያዮ እንምጣ።

ያዮ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በጫካ የተከበበች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የቡና ደን 167 ሺህ ሄክታር ገደማ ሆኖ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ የዓለም አረቢካ ቡና ዘር ዱር ሆኖ የሚገኝበት ሥፍራ ነው። ኢሉባቦር ከሀገሪቱ እጅግ ዝናባማ አካባቢዎች አንዱ ነው። ደመናው ሲመጣ ቶሎ አይሄድም፤ ግድግዳ ይሻግታል፤ ጫማ ይሻግታል። በዚህ አየር ውስጥ ብረት መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከተማዋም ይህን በትልቁ አይታዋለች። በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በሜቴክ፣ እጅ ተጀምሮ ሳያልቅ የቀረው የያዮ የማዳበሪያ ፋብሪካ የብረትና የዝናብን ጠብ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አሳይቷል። የሚገርመው ያው ኮርፖሬሽን ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካንና ጋፋት የጦር መሣሪያ ፋብሪካንም ያስተዳድር የነበረ መሆኑ ነው።

ገጠሩ ውስጥ ጠመንጃ፣ በኦሮምኛ ቀዌ፣ እንግዳ ነገር አይደለም። በቆሎ ሲያሽት ዝንጀሮና ከርከሮ ከጫካው ይወጣሉ፤ ቡና ሲቀላ ሌባ ይመጣል። ጠባቂው ማማ ላይ ያድራል። ዱር እንስሳውን መግደል በሕግ የተከለከለ ስለሆነ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ለማስፈራሪያ ነው። ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ጭስ እየጠጣ፣ አልፎ አልፎ ለሠርግና ለለቅሶ እየወጣ ይኖራል። የሚወለወለው ውጭው ነው። ሰደፉ ያብረቀርቃል፤ ማንገቻው ጌጥ አለው። ውስጡን ያየው ሰው የለም።

ውስጡ ያለው ደግሞ ከውጭ ዝናብ የባሰ ነው። አንዳንድ የቆዩ ጥይቶች ካፕሱላቸው ውስጥ ያለው ቅመም ሲቃጠል ጨው ትቶ ያልፋል፤ በርካታ የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ የክላሽ ጥይቶች ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ያ ጨው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እንደ ያዮ ባለ አየር ማታ የተተኮሰበት አፈሙዝ ጠዋት ዝገት ይዞ ሊገኝ ይችላል። አብዛኛው ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ላምባ ወይም ናፍጣ የነካ ጨርቅ ያስገባል። ጨው ግን በዘይት አይሟሟም፤ የሚሟሟው በውኃ ነው። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ሙቅ ውኃ አሳልፎ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ስስ ዘይት መቀባት ነው። ጠመንጃን በሙቅ ውኃ ማጠብ ለብዙ ሰው ጆሮ እብደት ይመስላል፤ የቀድሞ ወታደሮች ግን ያውቁታል። የክላሽ አፈሙዝ በአብዛኛው ውስጡ በክሮም የተለበጠ መሆኑ ባለቤቱን አዝናንቶታል፤ «ክላሽ ምንም አይሆንም» የሚለው እምነት ከዚያ የመጣ ነው። ክሮሙ አፈሙዙን ይጠብቃል፤ ማቀባበያውን፣ ስፕሪንጉን፣ የጋዝ መተላለፊያውን ግን አይጠብቅም። ዘይት ማብዛትም በጎ ሥራ አይደለም፤ አቧራና ጥላሸት ይዞ ጭቃ ይሆናል።

አንዲት የቡና ጆንያ ከያዮ ተነሥታ ለውጭ ገበያ እስክትደርስ ናሙናዋ ይወሰዳል፤ እርጥበቷ ይለካል፤ የተበላሸው ፍሬ ተለቅሞ ይቆጠራል፤ ተቆልታ፣ ተፈልታ ትቀመሳለች። ደረጃ ሳይሰጣት አታልፍም። መኪናም በየዓመቱ ምርመራ ገብቶ፣ ፍሬኑ ታይቶ ቦሎ ይለጠፍለታል። ሰው ለመግደል የተሠራው ዕቃ ብቻ ያለ ምርመራ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ነገሩ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ምልክቱም እዚሁ ሀገር ጠመንጃዎች ላይ ተቀርጿል። የቤልጅየሟ ሊየዥ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1672 ጀምሮ የመሣሪያ መፈተሻ ተቋም አላት። እዚያ የሚሠራ ጠመንጃ ከተለመደው የበለጠ ኃይል ባለው ጥይት ይፈተናል፤ ካልፈነዳ ማኅተም ይመታበታል። አባቶች ቤልጅግ እያሉ የሚኮሩበት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከሊየዥ አጠገብ ካለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ የአንበሳ ምልክት ተቀርፆበት የመጣው ጠመንጃ ያን ፈተና ያለፈ ነው። እንግሊዞችም በለንደን እ.ኤ.አ. ከ1637 ጀምሮ ተመሳሳይ ቤት አላቸው። ሳይፈተን መሣሪያ መሸጥ በሁለቱም ሀገሮች ወንጀል ነው።

ጠመንጃን ሳይመረምሩ መያዝ የሚያመጣውን ጉዳት ኢሉባቦር በችግር ጊዜ ቀምሳዋለች። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ሲወጡ ጎሬ የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው ጥቁር አንበሳ የተባሉትን አርበኞች ይዘው እስከ ታኅሣሥ 1929 ድረስ በዚያ ምዕራብ ተዋጉ። በዘመኑ የኢትዮጵያ ጦር ትልቁ ችግር የጠመንጃ ማነስ ብቻ አልነበረም። የያንዳንዱ ሰው ጠመንጃ የተለያየ ነበር። ውጅግራ የያዘው የቤልጅጉን ጥይት መጠቀም አይችልም፤ አንዱ ዝናሩ ሙሉ ሆኖ ጎረቤቱ ባዶ እጁን ይቀመጣል። የጠመንጃ ቁጥር ብቻውን አልበቃም።

ዛሬ ያለው ሁኔታ በአንድ በኩል ይብሳል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች በኬላ ተያዙ የሚል ዜና ተደጋግሞ ተሰምቷል። ወደ አፍሪካ ቀንድ ከሚገቡት መካከል ለድምፅ ብቻ የተሠሩ፣ በኋላ አፈሙዛቸው ተበስቶ ጥይት እንዲተኩሱ የተደረጉ አሉ። የእነዚህ አካል በአብዛኛው ከለስላሳ ቅይጥ ብረት የተሠራ ነው፤ የእውነተኛ ጥይትን ግፊት እንዲሸከም አልታሰበም። ከፊት ያለውን ሰው ከመምታታቸው ይልቅ የያዛቸውን እጅ ሊቆርጡ ይችላሉ። ገዢው ግን የሚጠይቀው ያንኑ ነው፤ «ስንት ጎራሽ ነው?»

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ትልቅ እርምጃ ነበር። መሣሪያ የያዘ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው ደነገገ፤ ተቆጣጣሪውንም የፌዴራል ፖሊስ አደረገ። የአዋጁ ዋና ጭንቀት ማን ያዘ፣ ምን ያዘ የሚለው ነው፤ ይህም ተገቢ ጭንቀት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ከዚያ አንድ ደረጃ አልፎ ይሄዳል። ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ መሣሪያው ይፈታ፤ አንድ የሠለጠነ ባለሙያ አፈሙዙን በብርሃን ይይ፤ ቃታው ክብደት ይንጠልጠልበት፤ መጠበቂያው ይሠራ እንደሆነ ይሞከር፤ ባለቤቱም በመርማሪው ፊት መሣሪያውን በትክክል ባዶ አድርጎ ያሳይ። ያለፈው ምልክት ይመታበት፤ የወደቀው ይጠገን ወይም አገልግሎቱ ይቁም። መቱ ላይ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ባለሙያና አንድ ኪሎ ድንጋይ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ያ ባዶ አድርጎ ማሳየት ነው። «ባዶ መስሎኝ ነው» የሚለው ቃል ስንት ቤት እንዳፈረሰ የማያውቅ የለም። ስሕተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የቅደም ተከተል ስሕተት። ሰውየው መጀመሪያ ያቀባብላል፤ አንድ ጥይት ዘልላ ትወጣለች፤ ደስ ይለዋል፤ ከዚያ ካርታውን ይነቅላል። ማቀባበያው ሲመለስ ግን ከካርታው ሌላ ጥይት አጉርሷል። መጀመሪያ ካርታው መነቀል፣ ቀጥሎ ማቀባበያው መሳብ፣ ከዚያ ውስጡ በዓይንም በጣትም መታየት አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው እጅ ላይ ያለ ፈቃድ ወረቀት ብቻ ነው።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ ሕዝቡ ምርመራ ሲባል ትጥቅ ማስፈታት መስሎት መሣሪያውን ይቀብራል የሚል ነው። ተቃውሞው መሠረት አለው፤ በተለይ በምዕራብ ኦሮሚያ ባለፉት ዓመታት ከየአቅጣጫው መሣሪያ ያዥ ያየ ገበሬ ማንንም ለማመን ይቸገራል። ለዚህ መልሱ ምርመራውን ከመውረስ መለየትና ይህንንም በግልጽ በደንብ ማስፈር ነው፤ ለምርመራ ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው መሣሪያው ቢወድቅ እንኳ ጥገና እንጂ ክስ አይጠብቀው። የተቀበረ ጠመንጃ ደግሞ በያዮ አፈር ውስጥ ሁለት ክረምት ካለፈው ለባለቤቱ ከጠላት የባሰ አደጋ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ መሣሪያ አያያዝ ማስተማር የመሣሪያ ፍቅርን ያባብሳል ይላል። ይህኛው አያሳምንም። ፍቅሩ ድሮም አለ፤ በየዘፈኑና በየሽለላው ውስጥ ተቀምጧል። የጎደለው እውቀቱ ነው።

የኢላማ ስፖርትም በዚሁ መንገድ ሊገባ ይችላል። ኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ላይ ሜዳሊያ ያገኘችው በሩጫ ብቻ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው የወርቅ ባለቤቷ፣ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ፣ በመኪና አደጋ እግሮቹ ካልታዘዙት በኋላ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ የስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ኢላማ ተወዳድሯል። ሮምንና ቶኪዮን የሮጠ ሰው ወንበር ላይ ሆኖ ያገኘው ስፖርት የዓይንና የትንፋሽ ስፖርት ነበር። ለወጣቶች በአየር ግፊት ጠመንጃ የሚጀምር፣ ባሩድ የሌለበት፣ በ10 ሜትር ርቀት በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ የኢላማ ክበብ በመቱም በጎሬም ቢቋቋም ማንንም አያስፈራም። ልጁ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ የሚገባው እዚያ ነው፤ እዚያ የሳተ ጥይት ይቆጠርበታል።

ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ለያዮና ለመቱ አካባቢ ባለ ፈቃዶች አንድ ልመና አለ። ዝናቡ ሳይጠና ግድግዳው ላይ ያለውን አውርዱት። ልጆቹን ከቤት አስወጡ፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩት፤ ካርታውን ንቀሉ፤ አቀባብሉና ውስጡን በጣታችሁ ዳስሱት። ከዚያ ፈታችሁ፣ ከኋላው ነጭ ወረቀት ይዛችሁ አፈሙዙን ወደ ብርሃን ተመልከቱ። ጠመዝማዛው ቦይ ጠርቶ ካልታየ፣ ጥቁር ነጥብ ወይም እብጠት ካለ፣ ለሚያውቅ ሰው ሳታሳዩ አንድም ጥይት አታጉርሱት።